አልምልም ያለው ደዋይ

«የልጄን ወንበር ባዶ ያስቀረሽው አንች ነሽ?»

ይህን ያለችኝ ሴት ፍኖተ ሰላም ውስጥ በምሠራበት የፎቶ ኮፒ ቤት ባንኮኒ ፊት ቆማ ነበር። ከኋላዋ መታወቂያ ኮፒ ሊያስደርጉ የተሰለፉ ሦስት ሰዎች አሉ። ማሽኑ ወረቀት ነክሶ ስለነበር እጄ እስከ ክንዴ በቀለም ጠቁሯል።

«ወንበር የሚሸጠው ቀጥሎ ያለው ቤት ነው» አልኳት። እንዲህ ነኝ፤ አፌ ከእኔ ቀድሞ ይሄዳል።

አልሳቀችም። ከነጠላዋ ሥር አንዲት ቀጭን መጽሐፍ አውጥታ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። የእኔ መጽሐፍ ናት። ሽፋኗ ላይ ከሳልኩት ደወል ሥር በልጅ እጅ «ትሁን ማዪ» ተብሎ ተጽፏል።

«ውዴ እባላለሁ፤ የትሁን እናት ነኝ። ልጄ ትምህርት ቤት ከሄደች ዛሬ ሁለት ሳምንቷ ነው።»

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ነጥብ አልመጣልኝም፤ ደግሜም አልመጣልኝም። አንድ ቦታ ቁጭ ማለት አልወድም፤ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ በፊት ከሦስት ሥራ ወጥቻለሁ። እዚህ ያቆየኝ ኮምፒውተሩ ነው። ደንበኛ በሌለ ሰዓት እየተየብኩ አንዲት የልጆች መጽሐፍ ጨረስኩ። በድሮ ጊዜ አንድ የቤተ ክርስቲያን ደወል ይጠፋል፤ ሦስት ልጆች ፍንጭ እየለቀሙ ሌባውን ያገኙታል። እዚያው ሱቅ አትሜ፣ በስቴፕለር ሰፍቼ፣ ማንኩሳ አጠገብ ባለችው የትውልድ ቀበሌዬ ትምህርት ቤት ለስድስተኛ ክፍል ልጆች አደልኩ። ታናሽ እህቴ እመቤት እዚያ ክፍል ናት። ጮክ ብዬም አነበብኩላቸው። መምህሩ «የመጽሐፍ ሥራ እንዴት ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ ጥቁር ሰሌዳው ፊት ተኮፍሼ አስተማርኳቸው።

«እንዲህ ባለ ታሪክ ሌባው ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ ፊታችሁ የቆመ ሰው መሆን አለበት። መጨረሻ ላይ ከየት መጣ የማይባል ሰው አምጥቶ ሌባው ይህ ነው ማለት አንባቢን ማታለል ነው» አልኳቸው። አጨበጨቡልኝ።

ታሪኩን ከራሴ አላመጣሁትም። የእናቴ አባት፣ አባባ የምንላቸው፣ ነግረውኝ ነው ያደግሁት። ከጠላት ወረራ በኋላ የደብራችን የነሐስ ደወል ከተሸሸገበት ጉድጓድ ጠፋ። አገሩ አውጫጭኝ ተቀመጠ። አውጫጭኝ ማለት ድሮ ንብረት ሲጠፋ የአካባቢው ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ፣ ሌባው እስኪወጣ ወደ ቤቱ ሳይመለስ፣ «አላየሁም፣ አልሰማሁም» እያለ በየተራ የሚምልበት ነው። ሁሉም ማለ። አንድ ሰው ብቻ አልምልም አለ፤ ደዋዩ። አንካሳው ደዋይ ላቀው። ሌባው እሱ ነው ተባለ፤ መሬቱን ተቀማ፤ ከደብሩ ተባረረ። የአባባ አባት ቄስ አድማሱ ግን በዚያ ሸንጎ አስተዋይ ካህን ሆነው ይነሣሉ። እኔም በመጽሐፌ ላይ ልጆቹን የሚረዳቸው ደግ ቄስ አደረግኋቸው።

በመጽሐፌ ውስጥ ብልጧ ልጅ ሌባውን የምታጋልጠው፣ «ንጹሕ ሰው መማል ምን ያስፈራዋል?» በምትል አንዲት ጥያቄ ነው። ስጽፋት በራሴ ተደንቄ ከወንበሬ ተነሥቼ ነበር።

«ላጲስ ሲጠፋ ትሁን ማዪ ይሏታል» አለች ውዴ። «ጠመኔ ሲጠፋ ትሁን ማዪ። መምህሩ ራሱ ብዕሩን ኪሱ ውስጥ ረስቶ ሲፈልግ ክፍሉ በሙሉ ወደ እሷ ዞረ።»

«ታዲያ ምላ አትገላገልም?»

«በእኛ ቤት አይማልም። ላቀው አያቴ ነው። ከዚያ ሸንጎ ወዲህ ማርያምን እንኳ እንዳንል አድርጎ ነው ያሳደገን። ገበያ ላይ በርበሬ ስሸጥ ሰው ሁሉ ይምላል፤ እኔ ዝም እላለሁ። ገዥው አልፎኝ ይሄዳል።»

«እኔ እኮ ስሙን ቀይሬዋለሁ፣ እት ውዴ።»

«ማንከሱንስ?»

ማንከሱን ትቼዋለሁ። ለታሪክ ይጥማል ብዬ።

የተሰለፉት ሰዎች መታወቂያቸውን እንደያዙ ያዳምጣሉ። ውዴ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ትሁን ዘንድሮ የስድስተኛን ፈተና ካልተፈተነች አለቀላት። እቤት የዋለች ልጅ ለባል ጠያቂ አታጣም፤ አባቷ ካሁኑ የሰው ቃል መስማት ጀምሯል። ያስወጣሻት አንች ነሽ። በዚችው መጽሐፍ መልሰሽ አስገቢልኝ።»

«ሌባው ማን ነበር ታዲያ?»

«ጸሐፊዋ አንች፣ የምትጠይቂው እኔን።» ለመሄድ ዞራ ግን ቆመች። «አያቴ አንድ ነገር ይል ነበር። ቡሬ ገበያ ውሎ ሲመለስ ደወሌን ሰማኋት ይላል። ከቡሬ አለፍ ብሎ፣ ቅዳሴ ሊገባ ሲል። ሰው አብዷል አለው። ያች ደወል አንድ ጊዜ ስትሰቀል ወድቃ እግሩን የሰበረችው እሷ ናት። የእሷም ከንፈር ያን ቀን ተሸርፏል። ስትመታ ሁለት ድምፅ ነው የምታወጣው ይለን ነበር፤ የእኔ ደወል ከእኔ ጋር ታነክሳለች ይላል።»

በማግስቱ፣ ረቡዕ፣ አሞኛል ብዬ ወደ ቡሬ ሄድኩ። ሚኒባሱ ውስጥ የራሴን መጽሐፍ እንደ ሰው መጽሐፍ አነበብኳት። ደዋዩ ለምን እንዳልማለ አንድም ቦታ አልጠየቅሁም። ሦስቱ መርማሪ ልጆቼም አልጠየቁም።

ከቡሬ በባጃጅ፣ ቀጥሎ በእግሬ፣ ሁለት ደብር ዞርኩ። አንደኛው ደወሉ አዲስ ነው፤ ሁለተኛው የድንጋይ ደወል ነው ያለው። ሦስተኛው ዘንድ ስደርስ ቅዳሴ አልገባም ነበር፤ ሁዳዴ ነውና የሚገባው ከቀትር በኋላ ነው። የደብሩን ስም አልጽፍም፤ ስም መጻፍ ምን እንደሚያደርግ ተምሬያለሁ። ግቢው ውስጥ አንድ ሽማግሌ መሪጌታ ወይራ ሥር ተቀምጠዋል። ከአጠገባቸው በሁለት አግዳሚ እንጨት ላይ ደወል ተሰቅሏል፤ እኔ በቆምኩበት በኩል ሙሉ ነው።

«አባቴ፣ ይህ ደወል ሲደወል መስማት ፈልጌ ነበር።»

«ደወል ለእንግዳ አይደወልም፣ ልጄ። ሰዓቱ ሲደርስ ከሁሉም ጋር ትሰሚዋለሽ።»

ተቀመጥኩ። ቁጭ ማለት የማልችል ሰው ሁለት ሰዓት ሙሉ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ፀሐይዋ ዘወር ስትል አንድ ዲያቆን መጥቶ ገመዱን ሳበ።

ሁለት ድምፅ ነው። አንዱ ወፍራም፣ ተከትሎት የሚመጣው ቀጭን፣ እግሩን የሚጎትት ሰው እንደሚራመደው። ተነሥቼ በወዲያኛው በኩል ዞርኩ። ከንፈሩ ላይ የእጅ መዳፍ የምታህል ሽራፊ አለች።

«አባቴ፣ ይህን ደወል ማን ሰጣችሁ?»

መሪጌታ ደስ አላቸው። እንዲህ ያለ ነገር የሚጠይቅ ወጣት አይመጣባቸውም። ከቅዳሴ በኋላ ከዕቃ ቤት በጨርቅ የተጠቀለለ ወንጌል አስመጡ። ደብሮች ስጦታና ውል የሚጽፉት በወንጌሉ ባዶ ገጽ ላይ ነው፤ በዚያ ላይ የተጻፈ አይፋቅም። እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ እሳቸው አነበቡልኝ።

«ይህን ደወል ከጠላት ሸሽጎ አቆይቶ ያመጣልን ከጃቢ ምድር ቄስ አድማሱ ነው። እኛም የአገልግሎት መሬት ሰጠነው፤ ልጁንም በደብራችን አስተማርን። ስሙን በጸሎት ማሰብ አይቅር።»

«እስከ ዛሬ ስማቸውን እንጠራለን» አሉኝ መሪጌታ ወንጌሉን እየጠቀለሉ። «ምነው ፊትሽ ተለወጠ? ዘመድሽ ናቸው እንዴ?»

«አይደሉም» አልኩ። እሳቸው ማዪ አላሉኝም።

ሐሙስ ጠዋት እናቴ ቤት ደረስኩ። አባባ ፀሐይ ላይ ደበሎ ደርበው ተቀምጠዋል። ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው ይላሉ። በአገሩ ሰው ዘንድ ቃላቸው የሚከበር ሰው ናቸው፤ የተጣላ የሚታረቀው እሳቸው ፊት ነው። እመቤት ትምህርት ቤት ልትሄድ ደብተሯን እየሰበሰበች ነበር።

«አባባ፣ ደወሉን አየሁት።»

«የትኛውን ደወል?»

«ላቀው ሰረቀው የተባለውን። ወንጌሉ ላይ የተጻፈውንም አስነበብሁ።»

እመቤትን «ሂጅ፣ ይረፍድብሻል» አሏት። እስክትርቅ በዓይናቸው ሸኟት። ቀጥለው እንደ ዝናብ ወሬ ቀለል አድርገው፣ «ልብሽ አያርፍም» አሉኝ።

«ያውቁ ነበር?»

«አባቴ ሊሞት ሲል ነግሮኛል። ጠላት ሲመጣ ደወሉን የቀበሩት እሱና ላቀው ናቸው፤ ሌላ ሰው አልነበረም። አባቴ በላቀው ላይ ግዝት ጣለበት፤ ያየኸውን ለሰው ብትናገር የተገዘትህ ሁን አለው። አገር ሲረጋ አባቴ ብቻውን አውጥቶ ወሰደው።»

ግዝትን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ለማታውቁ፣ ካህን በሥልጣኑ የሚያስረው፣ የጣለው ካህን ካልፈታው የማይፈታ ቃል ነው። መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ነገሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተገለጠልኝ። ላቀው «አላየሁም» ብሎ ቢምል በሐሰት መማሉ ነው፤ ጉድጓዱን በእጁ ቆፍሯል። «አይቻለሁ» ቢል ግዝቱን ማፍረሱ ነው። ቀሪው ነገር አልምልም ማለት ብቻ ነበር። የሚፈታው ሰው ደግሞ እዚያው ሜዳ ላይ፣ ፊት ለፊቱ ተቀምጧል።

«ቄስ አድማሱስ ማሉ?»

«ከሁሉ ፊት የማለው እሱ ነው።»

«ታዲያ እኔ ልጅ ሆኜ ያንን ታሪክ ለምን እንደዚያ ነገሩኝ?»

«አባቴን እንድትወጅው ነዋ። ምን ልበልሽ ነበር? እኔ የነገርኩሽ ለምድጃ ዳር ነው። በወረቀት አትመሽ ለአገር አድዪ ያለሽ ማን ነው?»

«አንዲት ልጅ በዚህ የተነሣ ትምህርት አቁማለች፣ አባባ።»

«የላቀው ዘር መሸከሙን ለምዶታል» አሉ። ይህን ሲሉ ድምፃቸው አልተቆጣም። ምናልባት የባሰው እሱ ነው። ከዚያ እጄን ያዙ። መዳፋቸው የደረቀ ቆዳ ነው። «እኔ የቀረኝ ጥቂት ነው። የአባቴን ስም እንዳታነሺ ማዪልኝ።»

አልማልኩም። የማለ ሰው የሚያደርገውን ግን አደረግሁ። ሱቅ ተመልሼ የመጨረሻውን ምዕራፍ እንደገና ጻፍኩት። ደዋዩን ነጻ አወጣሁት። ሌባው በዚያ በኩል ሲያልፍ የነበረ ሲራራ ነጋዴ ነው አልኩ። ነጋዴው ዘር የለውም፣ አገር የለውም፣ ማንንም አይነካም። በጥሩ ወረቀት አትሜ አርብ ጠዋት ውዴ ቤት ሄድኩ።

ትሁን በር ላይ ቆማ ተቀበለችኝ። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ቀጭን ናት፤ ሰው ሲያናግራት ዓይኗን አትሰብርም። ወረቀቱን ተቀብላ ቆማ አነበበች። እናቷ አጠገቤ ቆማ ፊቷን ትጠብቃለች፤ እኔም እጠብቃለሁ። ምስጋና እየጠበቅሁ እንደነበር ልደብቃችሁ አልፈልግም።

«ይኸ ነጋዴ ከየት መጣ?» አለችኝ።

«እንዴት ከየት መጣ?»

«ፊት ላይ የለም። አንደኛው ምዕራፍ ላይ የለም፤ ሸንጎው ላይም የለም። ሌባው መጀመሪያ የነበረ ሰው መሆን አለበት፣ ሌላው ማታለል ነው ብለሽ ሰሌዳ ላይ የነገርሽን አንች አይደለሽም?» ወረቀቱን መለሰችልኝ። «ይህን ይዤ ብመለስ ይስቁብኛል። አዝናላት ነው የጻፈችላት ይሉኛል።»

«ትሁን፣ አፍሽን» አለች እናቷ።

«ተያት» አልኳት። ነገርኳቸው። ጉድጓዱን፣ ግዝቱን፣ ወንጌሉን፣ ቄስ አድማሱ የእኔ ቅድመ አያት መሆናቸውን። ውዴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ግድግዳውን ተደገፈች። «አያቴ አላበደም ነበር» አለች። ይህንኑ ሦስት ጊዜ ደጋገመችው።

ትሁን አላለቀሰችም። የሒሳብ ደብተሯን ከነብዕሯ አምጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። «እሱን ጻፊው። እዚሁ ሆነሽ።»

ጻፍኩት። አጠገቤ ተቀምጣ ገጹ ሲያልቅ እያነበበች፣ «አልማለም ብቻ አትበይ፣ ለምን እንዳልማለ ጨምሪ» እያለች አስጻፈችኝ። ቀትር ላይ ዩኒፎርሟን ለበሰችና አብረን ወጣን።

ያን አርብ ከመጨረሴ በፊት፣ የተለወጠብኝን ነገር እዚህ ላይ ልንገራችሁ፤ ኋላ አልመለስበትም። እውነቱ ከወጣ ነገሩ ያልቃል ብዬ አምን ነበር። የልጆች መጽሐፍ የሚያስተምረው ይህንኑ ነው፤ ሌባው ይያዛል፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ይገባል። እናንተ ለልጆች የምትጽፉ፣ ወይም ማታ ማታ የአባታችሁን ጀግንነት ለልጆቻችሁ የምታወሩ፣ አንድ ነገር አስቡ። ልጁ የሰማውን ይዞ ነገ አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ እዚያው ወንበር ላይ አጠገቡ የሚቀመጥ ሌላ ልጅ አለ። እኔ ሦስት መርማሪ ልጆች ፈጥሬ፣ ሦስቱም አንካሳውን እንጂ ቄሱን ቀና ብለው እንዳያዩ አድርጌ ነበር። ተንኮል አልነበረብኝም። ቄሱን ስለምወድ ነው። አሁንም እጽፋለሁ፤ ግን ሌባውን ማን ላድርገው ብዬ ወረቀቱ ላይ ስደርስ እጄ ይቆማል።

መምህሩ ትሁንን ሲያይ ወንበሩን ለቀቀልኝ። ትሁን ሄዳ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። እመቤት ከፊት ረድፍ ሳቀችልኝ፤ ስመጣ ሁልጊዜ ትኮራለች። ከሒሳብ ደብተሩ ላይ አነበብኩ። ደዋዩ ለምን እንዳልማለ ስናገር አንዱ ልጅ «እህ» አለ። አንዳንዶቹ ወደ ትሁን ዞር ብለው ቶሎ ዓይናቸውን መለሱ።

ሳበቃ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ደወሉን የወሰደው ቄስ እውነት ነበር?»

«ነበር።»

«የማን ዘመድ ነው?»

መምህሩ ጉሮሮውን ጠረገ። እኔ «የእኔ ቅድመ አያት ነው» አልኩ።

ስለ እመቤት ያሰብኩት ያኔ ነው። አፌ ከእኔ ቀድሞ ሄዷል። ሠላሳ ምናምን ጭንቅላት ከእኔ ወደ እሷ ዞረ።

ከዚያ ከኋላ ረድፍ አንድ ድምፅ፣ «ማስመሪያዬ የት ሄደች?» አለ።

«እመቤትን ጠይቃት።»

«እመቤት ማዪ።»

ሳቁ ከኋላ ተነሥቶ ወደ ፊት መጣ። መምህሩ በጠረጴዛው ላይ መታ፤ አልሰሙትም። እመቤት ቆመች። «ማርያምን አልወሰድሁም» አለች። «ወንጌልን አልወሰድሁም።»

«ውሸቷን ነው» አለ ያው ድምፅ። «ቄሱም ምሎ ነበር።»

ትሁንን አየኋት። አልሳቀችም። ደብተር አውጥታ ሰሌዳው ላይ ያለውን ቀን መገልበጥ ጀምራለች።

እመቤት ቦርሳዋን አነሣች። ተከትያት ወጣሁ። በግቢው አጥር ጥግ ደረስኩባት።

«እመቤት፣ ቆይ።»

«እታለም፣ አትከተይኝ» አለች ሳትዞር። «ቤትም አትምጭ።»

በእርሻው መሐል በእግር መንገዷ ሄደች። እኔ በሌላው በኩል ወደ አስፋልቱ ወጣሁ። ከማንኩሳ የሚመጣ የፈረስ ጋሪ አቆመልኝ። ሰውየው «ፍኖተ ሰላም ነሽ?» አለኝ። «አዎ» ብዬው ተሳፈርኩ።